ካሸነፍን በኋላ ማን ያነክሳል?

የቪዲዮ ጌም የነካ ሰው ሁሉ ይህን ጀግና ያውቀዋል። በጥይት ተበሳስቷል፣ በጎራዴ ተከትፏል፣ በስክሪኑ ጥግ ላይ ከሕይወቱ የቀረችው አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ናት። ሰውዬው ግን ይሮጣል። አጥር ይዘላል፣ ገደል ይወጣል፣ ይተኩሳል። ቀይዋ መስመር ሙሉ በነበረችበት ሰዓት የሚችለውን ሁሉ አሁንም ይችላል። መስመሯ ስታልቅ ደግሞ ድፍት! በሙሉ ጤናና በሞት መካከል ምንም የለም። ማንከስ የለም፣ ማቃሰት የለም፣ ሌሊት የሚጠዘጥዝ ቁስል የለም።

ይህ ሰውዬ የተወለደው ጌም ዞን ውስጥ እንዳይመስላችሁ። አያቶቹ ወረቀትና እርሳስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ‹‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ›› የሚባለውን ጨዋታ አሳተሙ። ሮል ፕሌይንግ ይሉታል፤ እኛ የሚና ጨዋታ እንበለው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ‹‹እኔ እንዲህ አደርጋለሁ›› ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ሲጀመር የልጅነት ‹‹ዕቃ ዕቃ›› ነው፤ ልዩነቱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው።

ከሕጎቹ አንዱ የሕይወት ነጥብ ነው። በተመታህ ቁጥር ይቀነስብሃል፤ ዜሮ ሲደርስ ትወድቃለህ። አርነሰን ይህን ሐሳብ ያመጣው ብረት ለበስ መርከቦች ከሚዋጉበት ሌላ ጨዋታ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። አስቡት እንግዲህ! አንዲት መርከብ ስንት መድፍ ችላ ትሰምጣለች የሚለው ስሌት ነው ዛሬም ድረስ የሰውን ገላ የሚለካው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየጠረጴዛው ስንዋጋ የኖርነው እንደ መርከብ ነው ማለት ነው።

ሐቁን ለመናገር ይህን የታዘብኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ‹‹ሩንክዌስት›› እጅን ለብቻ፣ እግርን ለብቻ፣ ራስን ለብቻ እየቆጠረ ያቆስላል። የእኔ ጥል ግን ከቁስሉ ይልቅ ከድሉ ጋር ነው። በአብዛኞቹ የሚና ጨዋታዎች ድል ነፃ ነው። ተዋግተህ ካሸነፍክ በቃ አሸነፍክ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም ጀግናው አንድ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ከተኛ የሕይወት ነጥቡ በሙሉ ይመለስለታል። ሂሳብ የለም፣ ዕዳ የለም፣ ጧት ሲነሳ እንደ አዲስ ነው።

ነገሩ የከነከነኝ እኛው ጨዋታውን ወደ አገራችን ስናመጣው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አምስት ሆነን እንጫወታለን፤ ዘንዶና ምድር ቤት ስለሰለቸን ታሪካችንን ደልጊ ላይ አደረግነው። ለማያውቋት፣ ደልጊ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ለብዙ ዓመታት ቁንዝላ አድሮ ደልጊን ሳይነካ አላለፈም። በአንድ በኩል ውኃው፣ በሌላው የደምቢያ ሜዳ፣ ወደ ምዕራብ ቆላውና የመተማ አቅጣጫ። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል? ዘመኑን ዘመነ መሳፍንት አደረግነው። ተጫዋቾቹ በጠረፍ ኬላ ቀረጥ የሚጣሉ የአንድ ባላባት ሎሌዎች ሆኑ።

የመጀመሪያው ውጊያ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሦስቱ ጀግኖቻችን የተቀናቃኙን አሥራ ሁለት አጃቢዎች ወደቡ ላይ ጨረሷቸው። አንዱ ጀግና ከ18 ነጥብ 4 ቀረው። ተኙ፤ ተነሱ፤ 18 ሆነ። ቁርስ። ከመካከላችን እናቱ ደልጊ የተወለዱ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ዳይሱን አስቀምጦ ‹‹ቆይ፣ እነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ? የደልጊ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ያሳድረናል?›› አለ። ሳቅን። ግን ልጁ ትክክል ነበር። የገዛነው የሕግ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ አንድ ገጽ የለውም።

እኛ ግን መልሱን ከታሪካችን ማግኘት እንችላለን። ያውም ከጣና ሳንርቅ።

በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የሆነውን ውሰዱ። የሰሜንና የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ በዘመኑ የነገሥታቱን አሻንጉሊት ገመድ የያዘውን ራስ አሊን ሊጥል መጣ። ተዋጉ። ውቤ ጠመንጃ ስለነበረው በረታ፤ የአሊ ጦር ተፈታ፤ አሊ ራሱ ሸሸ። አለቀ። በማንኛውም የዳይስ ጨዋታ ቢሆን ተራኪው ‹‹ውቤ አሸነፈ›› ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ውቤም ያሰበው እንደዚያ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ የድል ግብዣው ተጀመረ። በመሀል የአሊ አጋር ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ጦሩን ይዞ ደረሰና ድል አድራጊውን በደስታው መሀል ማረከው! አሸናፊው እስረኛ ሆነ፤ የሸሸው ራስ አሊ ደግሞ ሥልጣኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ውቤ ቆይቶ ተለቅቆ ወደ ግዛቱ ተመለሰ፤ ግን ያን ዕለት ያጣውን ዕድል ዳግመኛ አላገኘውም።

ይህን ታሪክ ስንቶቻችን ለፈተና ሸመደድነው! ‹‹ውቤ ለምን ተሸነፈ?›› ተብለን ግን አልተጠየቅንም። ውቤ በውጊያው አልተሸነፈም። የተሸነፈው ውጊያው ካለቀ በኋላ በነበረው ሰዓት ነው። ጦሩ ደክሟል፣ ተበትኗል፣ ለዘረፋ ወጥቷል፣ ጠጥቷል፤ ጠባቂ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የድል ዋጋ ማለት አንዱ ይኸው ነው። ያሸነፈ ጦር ካሸነፈበት ደቂቃ የበለጠ የተጋለጠበት ጊዜ የለም። ይህን በጨዋታ ሕግ መጻፍ ይከብዳል? አይከብድም። ‹‹ያሸነፈ ወገን በዚያች ሌሊት ከሁለት አንዱን ይምረጥ፤ ወይ ጦሩ ይደሰት ወይ ይጠብቅ። ጠብቁ ያለ አለቃ በነጋታው የሚያጉረመርም ሎሌ ይኖረዋል፤ ተደሰቱ ያለ ደግሞ ዳይስ ይወረወርበታል።›› ይህን ሕግ ሞክረነዋል። ያን ሌሊት ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጭንቀት ከውጊያው ይበልጥ ነበር።

ከደልጊ ወደ ምዕራብ ስንወርድ ደግሞ መተማ አለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር የደርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። ድሉ በእጅ ነበር። አንዲት ጥይት ንጉሠ ነገሥቱን መታች። በማግስቱ አረፉ። ልብ በሉ፣ አንድ ሰው ነው የተመታው፤ በነጥብ ቢሰላ የዚያን ቀን ጦር ገና ብዙ ሺህ ነጥብ ነበረው። ጦሩ ግን ተፈታ። ደርቡሾቹ ተከታትለው አስከሬኑን ማረኩ፤ ራሳቸውን ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1880 ዓ.ም.፣ እነዚሁ ደርቡሾች እዚሁ ደምቢያ ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው ጎንደርን አቃጥለዋል። ያ ሁሉ ዕዳ ነው መተማ ላይ የተሰበሰበው። አንድ ቁስል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው የጥይቱ መጠን ሳይሆን የተመታው ሰው ስንት ሰው በትከሻው ላይ እንደያዘ ነው። የሕይወት ነጥብ ይህን አያውቅም።

ዐድዋንስ? ዐድዋን ስናነሳ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ይገባልም። ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያሸነፈው ወገን፣ ማለትም የእኛው፣ በተለያዩ ግምቶች ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ ሰው ሞቶበታል፤ ቁስለኛው እስከ 10 ሺህ ይገመታል። ምኒልክ ድሉን ይዘው ወደ ሰሜን ለምን አልቀጠሉም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ የደከመ፣ የቆሰለና ስንቁ ያለቀ ጦር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ያንኑ ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ፤ የዛሬው ምኒልክ ሆስፒታል ሥሩ እዚያ ነው። የዐድዋን ጀግና በፈረስ ላይ እናውቀዋለን። አልጋ ላይ የተኛውን የዐድዋ ጀግና የሣለ ሠዓሊ አላየሁም። ፉከራችንም ቢሆን የጣልነውን ይቆጥራል እንጂ ያስከፈለንን አይቆጥርም።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጡ አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ጉድለት አይተውታል። ከሁሉ የምወደው ቪንሰንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ‹‹ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ›› ነው። ጥል ሲነሳ ሁለቱም ወገን ዳይሳቸውን አስቀድመው ወርውረው ፊታቸው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ እንደ ካርታ እየመዘዙ ይመላለሳሉ። የተሰነዘረብህን በሁለት ዳይስ ከመከትከው መከትክ። ሦስትና ከዚያ በላይ ካስፈለገህ ግን ቀምሰሃል። አልወደቅክም፣ ጥሉም አላበቃም፣ መጨረሻ ላይ ልታሸንፍም ትችላለህ፤ ነገር ግን መዘዝ ተመዘገበብህ። የቃላት ጥል ከሆነ የመዘዙ ዳይስ ባለ 4 ገጽ ነው፤ ነገሩ በከረረ ቁጥር ዳይሱ እየተለቀ ይሄዳል፤ ጠመንጃ ሲተኮስ ባለ 10 ገጽ ይሆናል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የተጠራቀመውን መዘዝ ትወረውርና የሚበልጡትን ሁለቱን ትደምራለህ። በቃላት ብቻ የተጣላ ሰው ቢበዛ 8 ያወጣል። ጠመንጃ የተተኮሰበት 20 ሊያወጣ ይችላል። 20 ደግሞ ሞት ነው።

የዚህ ሕግ ውበት መዘዙ መቼ እንደሚከፈል ነው። በውጊያው መሀል አይደለም፣ ከውጊያው በኋላ ነው። ብዙ ሰው ‹‹ቁስልን እውነተኛ እናድርገው›› ሲል የሚያደርገው ሌላ ነው፤ የተመታን ሰው እዚያው ደካማ ያደርገዋል። አንዴ የተመታ ይዳከማል፣ ስለተዳከመ ዳግመኛ ይመታል፣ ዳግመኛ ስለተመታ የባሰ ይዳከማል። መጀመሪያ የቀደመ አሸነፈ ማለት ነው፤ የቀረው አንድ ሰዓት ሬሳ መጎተት ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ተጫውቻለሁ፤ ሻይ ለማፍላት የሚነሳው ሰው ይበዛል። የቤከር ጀግና ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በሙሉ ጉልበቱ ይፋለማል። ሂሳቡ የሚመጣው አቧራው ሲሰክን ነው። እውነተኛ ተጋዳዮችም እንዲህ ነው የሚሉት አይደል? ‹‹መመታቴን ያወቅሁት በኋላ ነው።››

ሉክ ክሬን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ‹‹በርኒንግ ዊል›› ደግሞ ለቃል ሙግት የተለየ ሕግ አለው። ተከራካሪዎቹ ክርክራቸው በነጥብ ይለካል፤ የአንዱ ሲያልቅ ሌላው ያሸንፋል፤ ነገር ግን አሸናፊው ራሱ ስንት ነጥብ እንዳጣ ይታያል። ትንሽ ካጣ ትንሽ ነገር ለተሸናፊው ይለቅለታል፤ ብዙ ካጣ ብዙ። በጭንቅ ያሸነፈ ሰው ያሸነፈውን በሙሉ ይዞ አይሄድም። አያቶቻችን ‹‹በላ ልበልሃ›› ሲባባሉ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ እንደነበረ ላስታወሰ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

‹‹ፌት›› የሚባለውም አለ፤ እሱን ባጭሩ ልለፈው። ቁስሉን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም ያስጽፍሃል፤ ‹‹የተሰበረ የጎድን አጥንት›› ብለህ ወረቀትህ ላይ ትጽፋለህ፤ እስኪድን ድረስ ማንም ሊጠቀምብህ ይችላል። ከመውደቅህ በፊት እጅ ከሰጠህ ደግሞ ይሸልምሃል። እጅ መስጠት የሚሸልም ጨዋታ! ለፉከራ አገር ሰው ይህ ለመዋጥ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

እንግዲህ ፈረንጆቹ ይህን ሁሉ በቅርቡ ሲያገኙት እኛ ጋ ግን ከድሮ ጀምሮ የነበረ አንድ ጨዋታ አለ፤ ሰንጠረዥ። የዛሬውን ቼዝ ማለቴ አይደለም፣ የእኛኑ የድሮውን። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱት አይቷል፤ ሕጉን በደንብ ከጻፉት አንዱ ደግሞ በራስ አሊ ዘመን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ ኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት አሰባስበው ጽፈውበታል። አጀማመሩ ‹‹ወረራ›› ይባላል። ተራ የለም! የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይከራከራል። የሠርግ ቤት በሉት።

እኔን የገረመኝ ግን አጨራረሱ ነው። በሰንጠረዥ ንጉሡን መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም፣ በምን እንደያዝከው ይጠየቃል። በፈረስ ወይም በደር (ዛሬ ካስል በምንለው) የያዘ ሰው አሸንፏል፣ ግን ማንም አይደነቅበትም። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይወደሳል። በተራ ወታደሮቹ የያዘ ግን ጭብጨባው ለእሱ ነው። ድል ደረጃ አለው ማለት ነው።

ሌላው ሕግ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የጠላትን ንጉሥ ሹማምንቱን በሙሉ ጨርሰህ ራቁቱን ካስቀረኸው ልትይዘው አትችልም፤ አቻ ነው። ወታደሮቹ እንደ አጃቢ አይቆጠሩም። አንድ ሹም ብቻ ከቀረው ደግሞ ያ ሹም ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልያዝከው ዕድሉ አለፈህ። በዛሬው ቼዝ የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ሕግ ሲሰማ ያብዳል፤ ‹‹ሁሉን በልቼበት እንዴት አቻ ይሆናል?›› ይላል። በትክክል! ሁሉን ስለበላህ ነው አቻ የሆነው። የምታሸንፈው ሰው እንዲኖርህ ከጎኑ የሚቆም ሰው ልትተውለት ይገባል። አገሩን ባዶ አድርጎ ያሸነፈ ሰው የማንን እጅ መንሻ ይቀበላል?

ይህን ሕግ ቀጥታ ወደ ደልጊ ጨዋታችን አስገባነው። በጠላት ወገን የሽምግልና ቃል የሚቀበል፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ካልቀረ ጦርነቱ አያልቅም። ‹‹አሸነፍን›› ማለት አይቻልም፤ አቻ ነው። ውጤቱን ብታዩት! ከዚህ በፊት ‹‹ሁሉንም ጨርሳቸው›› ይል የነበረ ተጫዋች አሁን የጠላትን ባላባት ወንድም ከጥይት ሲከላከል ታገኙታላችሁ። ደግነት ይዞት አይደለም፤ ያለዚያ ሰው ድል ስለማይመዘገብለት ነው።

አሁን ወደ አሥራ ሁለቱ አጃቢዎች። ጓደኛችን የጠየቀው ጥያቄ በአማርኛ አንድ ቃል አለው፤ ደም። ገጠሩን የሚያውቅ ሰው ‹‹እነ እገሌ ደም አለባቸው›› ማለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የገደለ ሰው ከገደለ በኋላ ሌላ ሰው ነው። መንገዱን ይቀይራል፣ ገበያ አይወጣም፣ ልጁ ከብት ሲጠብቅ ዙሪያውን ያያል። በድሮው ሥርዓት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ወይ ይገድሉታል ወይ የደም ዋጋ ይቀበላሉ። ዛሬም ፍርድ ቤት ፈርዶ ወኅኒ የገባ ሰው ሲፈታ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን ካላደረቀው ጉዳዩ አላለቀም። እና ይህን የመሰለ ነገር ያለው ሕዝብ የአሜሪካ መርከብ ነጥብ ይዞ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ እንዲህ አደረግነው። በውጊያ የሞተ እያንዳንዱ ሰው ስምና አንድ ዘመድ ይጻፍለታል። ገዳዩ ያንን ስም በራሱ ወረቀት ላይ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያ ገጸ ባሕርይ ወደ ገበያ፣ ወደ ወደብ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን በሄደ ቁጥር ተራኪው አንድ ዳይስ ይወረውራል፤ በወረቀቱ ላይ ካሉት ስሞች ቁጥር ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ዘመዱ እዚያ አለ። ምን ለማድረግ እንደመጣ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። አንዳንዱ ይተኩሳል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዲት የሟች እህት በአንድ ጨዋታ ላይ ምንም አላደረገችም፤ ገዳዩን እያየች ወደቡ ላይ ቆመች፣ ታንኳው እስኪርቅ ድረስ። ያን ቀን ዳይስ የነካ ሰው አልነበረም።

የሰንጠረዡን ሕግ የጻፈልን ፕላውደን ራሱ በዚህ ዓይነት ሰንሰለት ውስጥ ነው ያለቀው። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አቅራቢያ አፄ ቴዎድሮስን የከዱ የጋረድ ሰዎች ወግተው ማረኩት። የማስለቀቂያ ገንዘብ ተከፍሎ ተለቀቀ። በነጥብ ቢሆን ‹‹ተረፈ›› እንል ነበር፤ ከቀናት በኋላ በዚያው ቁስል ሞተ። ቴዎድሮስ ወዳጃቸው ስለነበረ ደሙን ሊመልሱ ዘመቱ፣ አሸነፉም። ጋረድ ሞተ፣ ብዙ ምርኮኛም ተገደለ። በዚያ ውጊያ ግን ሌላው የቅርብ ሰዋቸው ጆን ቤል ተገደለባቸው። ደም ተመለሰ፣ ድል ተገኘ፣ ንጉሡ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሰሟቸውን ሁለት የውጭ ሰዎች አጡ። በፕላውደን ቦታ የተተካው ቆንስል ካሜሮን ነው። ካሜሮን መታሰሩ ምን እንዳስከተለ መቅደላን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከገዛ ጠረጴዛችን ሰምቼዋለሁና። ‹‹ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው! ጦርነትና ቁስል ከሆነ ደጅ ሞልቷል። እኛ የምንጫወተው ከዚያ ለማረፍ ነው›› ይላል አንዱ። ቀልድ አይደለም ይህ ነገር። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ውስጥ ያደገ ትውልድ ነን። ባሕር ዳር ውስጥ በክራንች የሚሄድ የእኛ ዕድሜ ልጅ ማየት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ለምን እዚህም ታመጡብናላችሁ ቢለን ይፈረድበታል?

አይፈረድበትም። እንዲያውም ማረፍ የፈለገ ሰው ጦርነት የሌለበት ጨዋታ ይጫወት እላለሁ፤ የዓሣ ማስገሪያ፣ የንግድ፣ የፍቅር፣ ምን ችግር አለው? ጣና ላይ ታሪክ ሞልቷል። የማልቀበለው ጦርነቱን አስገብቶ ቁስሉን ማስወጣትን ነው። ጦርነት የምንጫወት ከሆነ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ‹‹ተኩሼ፣ አሸንፌ፣ ተኝቼ፣ ተነሳሁ›› የሚል ታሪክ ከእኛ እንዲማር አልፈልግም። ያንን የሚያስተምረው ሌላ ብዙ አለለት። ፌስቡክ ላይ ሁሉም ወገን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ የማንም እግር ተቆርጦ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ አለብን። የቆሰለ ገጸ ባሕርይ ያለው ተጫዋች ጥግ ተቀምጦ ሌላው ሲጫወት ማየት የለበትም። ቁስል በር መዝጋት ሳይሆን ሌላ በር መክፈት አለበት። እኛ ጋ አንዱ ጀግና ቀኝ እጁን ወደቡ ላይ አጥቷል። ጎራዴ መያዝ አይችልም። ነገር ግን በደልጊ ያሉ ቁስለኞች ሁሉ አሁን የሚያወሩት ለእሱ ነው፤ የማንም ሎሌ የማይሰማውን ወሬ እሱ ይሰማል። የሟች ዘመዶችም ቢሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን ያነጋግሩታል፤ ‹‹ይኼስ ከፍሏል›› ብለው ይሁን አይሁን ተራኪው ገና አልነገረንም። ልጁ ሌላ ገጸ ባሕርይ ውሰድ ብንለው እምቢ አለ።

ያልፈታነው አንድ ጣጣ አለ፤ ሐሳብ ያለው ይጻፍልን። ቁስል በስንት ጊዜ ይዳን? በሌሊት እንቅልፍ እንደማይድን ተስማምተናል። አንዳንዶቻችን በወቅት ይቆጠር እንላለን፤ በክረምት የቆሰለ ለመስቀል ይነሳ፣ ያውም የሚያስታምመው ሰውና የሚበላው እህል ካለ። እዚህ ላይ ስንቅ ይመጣል። በዘመነ መሳፍንት ወታደር የሚበላው ከባላገሩ ጎተራ ነበር፤ ስለዚህ ባላባታችን ባሸነፈ ቁጥር የሚቀለበው ሎሌ ይበዛል፣ ሎሌው በበዛ ቁጥር የደልጊ ገበሬ እህሉን ደብቆ በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ይሸሻል። ቁስለኛው የሚበላው ከየት ይምጣ? ባለፈው ጨዋታ ባላባቱ ሦስተኛ ድሉን አገኘ። ጎተራው ውስጥ ግን ለአርባ ሰው የአሥራ አንድ ቀን ጤፍ ነው ያለው፤ ከአርባው ዘጠኙ መቆም አይችሉም፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ የሃያ ሦስት ሟቾች ስም አለ። ሽማግሌ ይላክ ያለው እጁን ያጣው ልጅ ነው። ማን ይሂድ በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።